ጤፍ ሲመጣ የሚዘጋው ፕሮግራም

ከቡሬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የእህል መጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተሃል። አንተ በምትጠቀመው ኡቡንቱ ላይ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም ነው) ሰላም ነው። ማኅበሩ ቢሮ ባለው ዊንዶውስ ላይ ግን የበቆሎና የስንዴው ፋይል ዝብርቅርቅ ፊደል ሆኖ ይመጣል። የጤፉ ጭራሽ አይከፈትም፣ ፕሮግራሙ ይዘጋል።

ጤፍ ስትል ነገሩ ገባኝ። ፎንት አይደለም። ፎንት ቢጎድል የምታየው ባዶ ሳጥን ነበር። በላክኸው ፎቶ ላይ የምትደጋገመው ግን ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ናት። ኢንኮዲንግ ነው፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ደንብ። ፎንት ሊጭን መጥቶ ዊንዶውሱን ፎርማት ያደረገው ሰውዬ ገንዘባችሁን በከንቱ በላ።

ምንም ከመንካትህ በፊት ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ። የተዝረከረከውን ከፍተህ ሴቭ እንዳትል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት (ፋይል ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ቁጥሮች) ይይዛል። ከ3.15 በፊት ያለው ፓይተን ኢንኮዲንጉን ካልነገርከው የሲስተሙን ይወስዳል። ኡቡንቱ ላይ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ብዙውን ጊዜ 1252 የሚባለው የላቲን ሰንጠረዥ ነው። ያ ሰንጠረዥ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ፊደል ያነባል። ውስጡ ምንም ፊደል ያልተሰጣቸው 5 ባዶ ቦታዎች አሉ። «ስንዴ» እና «በቆሎ» ባዶው ላይ ስለማያርፉ ተበላሽተውም ቢሆን ያልፋሉ። የ«ፍ» ባይት ግን ባዶው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ፓይተን እዚያ ይቆማል። የ«ፈ» እና የ«ፀ» ቤት በሙሉ፣ አራት ነጥብም ሳይቀር እንዲሁ ነው። «ጸጋ»ን በጸሎቱ ጸ ጻፈው፣ ያልፋል። በፀሐዩ ፀ ጻፈው፣ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እኔ ይህን ነገር ሳስረዳ አልጠግብም።

መፍትሔው አጭር ነው። ፋይል የምትከፍትበት መስመር ሁሉ ላይ፣ ሲያነብም ሲጽፍም፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው ብለህ ጻፍ። ለኤክሴል የምታወጣውን ሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለያየ የሰንጠረዥ ፋይል) ደግሞ ዩቲኤፍ-8-ሲግ አድርገው፣ እሱ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ምልክት ያስቀምጣል፤ አለዚያ ኤክሴልም ያንኑ ያሳይሃል። ኮድህ ውስጥ አንድ ቦታ ስህተትን «ኢግኖር» አድርግ፣ ማለትም ዝም ብለህ እለፈው የሚል አየሁ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ይመስላል። አውጣው። እሱ የማያውቀውን ባይት እየጣለ ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ በኋላ ሴቭ ከተባለ የተጣለው አይመለስም። ኮፒ ያልኩህ ለዚህ ነው። ኮፒውን ደግሞ ያ 1 ቴራ ይይዛል ተብሎ በርካሽ የተሸጠላችሁ ፍላሽ ላይ አታስቀምጥ። ጽሑፉ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ነው።

የሚሠራበት ማሽን ላይ ብቻ መሞከር ሙከራ አይደለም። ላፕቶፕህ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) አድርገህ ዊንዶውስ ጫን፣ ለዊንዶውስ የሚሆነውንም ፋይል እዚያው ላይ በፓይኢንስቶለር አውጣ፤ እሱ የፓይተን ኮድን በቀጥታ የሚከፈት ፕሮግራም የሚያደርግ መሣሪያ ነው። መሞከሪያህም «ቴስት 123» አይሁን፤ «ፀጋ፣ ፋሲካ፣ ጤፍ።» ይሁን። የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አትደባልቅ፤ ኡቡንቱ ይለያቸዋል፣ ዊንዶውስ አይለይም።

በ«ኢግኖር» ከፍታችሁ ሴቭ ያላችሁትና ቀድሞ የተያዘ ኮፒ የሌለው የጤፍ ፋይል ካለ ግን ከወረቀቱ ደረሰኝ እንደገና ከመመዝገብ ሌላ መንገድ የለውም።