ክፍተቱን በኮርስ አትሙዪው

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዓመት ከምናምን ቤት ነሽ። እጅሽን አጣጥፈሽ አልተቀመጥሽም። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ተማርሽ፣ ኤክሴል ተማርሽ፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ፣ ግራፊክ ዲዛይን፣ አሁን ደግሞ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ልትጀምሪ ነው። በቅርቡ አንድ አስመጪ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራሽ። «ከተመረቅሽ ጀምሮ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ሲሉሽ ደንግጠሽ ያለ እረፍት አወራሽ፣ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። እና ጥያቄሽ «ክፍተቱ እንዳይታይ ሌላ ምን ኮርስ ልጨምር?» ነው።

ምንም። አንድም አትጨምሪ።

ቀጣሪ ክፍተት አይቶ አይደነግጥም። በኛ አገር ተመርቆ በማግስቱ ሥራ የያዘ ስንት ሰው ታውቂያለሽ? ከጠያቂዎቹ መሀል ራሱ የቴሌግራም የሥራ ቻናል ሲያስስ የከረመ አይጠፋም። ፒችትሪና ኤክሴል አንድ ላይ ሲታዩ «ይቺ ልጅ ሂሳብ መሥራት ትፈልጋለች» ያሰኛሉ። ዲዛይንና ቪዲዮ ሲጨመርበት ግን ሰውየው ምን እንደምትፈልጊ ይጠፋበታል። ክፍተቱን ለመሸፈን የደረደርሽው ነገር ነው ክፍተቱን የሚያሳየው።

ያያያዝሽውን ሲቪም አየሁት። ሦስት ገጽ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሚያክል፣ ጽሑፉ የወረቀቱን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትሽ አለ። የጋብቻ ሁኔታ አለ። «ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ» አለ። በኢንተርንሺፕ የሠራሽው የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ (የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር) ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ተደብቋል! አንድ ገጽ ይበቃሻል። ፊደሉን 11 አድርጊው፣ ህዳጉን በአራቱም በኩል 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ተዪለት፣ በየክፍሉ መሀል ባዶ መስመር ይኑር። የሰው ዓይን ባዶ ቦታ ያለበት ጋ ነው የሚያርፈው። እንዲታይልሽ የምትፈልጊውን ነገር ዙሪያውን አታጨናንቂው።

አሁን ወደ ኢንተርቪው፤ ዋናው ችግርሽ እዚያ ነው።

«የባንክ መግለጫውና የኛ መዝገብ ባይገጥም ከምን ትጀምሪያለሽ?» ብለውሽ ከአካውንቲንግ ትርጉም ጀምረሽ ስለ ዩኒቨርሲቲሽ ስታወሪ ራስሽን እንዳገኘሽው ጽፈሻል። መልሱን አጥተሽው እንዳልሆነ ግን ደብዳቤሽ ራሱ ይመሰክራል፤ ቤት ስትገቢ ትዝ አለኝ ብለሽ ዘርዝረሽዋል። ተጽፎ ያልተመነዘረ ቼክ፣ ገቢ ተደርጎ ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ፣ ባንኩ ቆርጦት እኛ ያላወቅነው የአገልግሎት ክፍያ። አሪፍ መልስ ነው። የጎደለሽ አራት ሰከንድ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

አራት ሰከንድ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ አይፈረድብሽም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በ10 ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሰው ተጠይቆ መልስ እስኪጀምር በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ እንደሚቆይ አሳይቷል። እና አራት ሰከንድ ዝም ስትዪ ላንቺ ዓመት ይመስልሻል። በነሱ ዓይን ግን አስባ የምትመልስ ልጅ ነሽ። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ግቢ፣ ጥያቄውን በሁለት ቃል ጻፊው፣ «አንዴ ላስብበት» በዪ። በዚህ ምክንያት የወደቀ ሰው አላጋጠመኝም።

የበለጠ የሚከብደው መልስሽን ጨርሰሽ ማቆሙ ነው። ሰውየው አቀርቅሮ ሲጽፍ ክፍሉ ጭር ይላል፣ አንቺ ደግሞ «አልገባውም» ብለሽ ሌላ ትጨምሪያለሽ። እየጻፈ ያለው እኮ የተናገርሽውን ነው! ተዪው ይጻፍ።

«ምን ስትሠሪ ቆየሽ» ሲሉሽም መልሱ ይህችው ናት፦ «ሥራ ስፈልግ ቆየሁ፤ በመሀል ፒችትሪና ኤክሴል ተማርኩ፣ የአጎቴን ሱቅ የገቢና ወጪ መዝገብ እይዛለሁ።» በቃ። የአጎትሽን ሱቅ ከየት አመጣኸው እንዳትዪኝ፣ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽዋል። ከሁሉም ኮርሶችሽ ይበልጣል፣ ሲቪሽ ላይ ግን የለም። ለምን? ቦታው በሰርተፍኬት ተይዞ ነዋ።

ስለ ቀንሽም አንድ ነገር ልበል። ጠዋት ኮርስ፣ ከሰዓት ማመልከቻ፣ ማታ ቻናል፣ እሁድም እንደዚያው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በሳምንት ቢያንስ 24 ያልተቋረጠ የእረፍት ሰዓት አለው፣ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ ደግሞ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል። አንቺ ሳትቀጠሪ ሁለቱንም ራስሽን ከልክለሻል። ሰፈር ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ አውቃለሁ፣ «ሥራ ፈት» መባል ያማል። ግን አካውንታንት ነሽ፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ሱቅ ዘግቶ እቃ የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። እቃ እየገባና እየወጣ ቆጠራ አይሆንማ። አንቺም ከተመረቅሽ ጀምሮ እያስገባሽ ብቻ ነው፣ መጋዘንሽ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂውም።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ቻናሎቹን ዝጊ። አብዛኛው ማስታወቂያ የቀናት ጊዜ ስለሚሰጥ በአንድ ቀን የሚያመልጥሽ ብዙ ነገር የለም። ያን ቀን ምንም አትማሪ። ከተማርሻቸው ውስጥ ማንም ሳያስገድድሽ ተመልሰሽ የከፈትሽው የትኛውን እንደሆነ አስቢ፤ የቀረውን ከሲቪሽ አውጪው። እናትሽ ቡና ሲያፈሉ «ሥራ አላገኘሽም?» እንዳልባል ብለሽ ኢርፎን ሰክተሽ ክፍልሽ የምትደበቂውንም ተዪው። ውጪና ተቀመጪ። ሲጠይቁሽ «አላገኘሁም፤ የሂሳብ ሥራ ነው የምፈልገው፣ የሰማችሁት ካለ ንገሩኝ» በዪ። ጎረቤትሽ ወንድሟ የት እንደሚሠራ አታውቂም እኮ፣ ጠይቀሻት ስለማታውቂ። እዚህ አገር ስንቱ ሥራ የሚገኘው በሰው ሰው ነው።

ለቪዲዮ ኮርሱ ገና ካልከፈልሽ አትክፈዪ። በዚህ ሳምንት አጎትሽን አግኚና ስሙን ሪፈረንስ ላይ ለመጻፍ አስፈቅጂው፣ ሰው ደውሎ ቢጠይቀው ምን እንደሚል ተነጋገሩ። ሪፈረንስ ያደረግሻቸው ሁለት መምህራን ጋርም ደውዪ። ከተመረቅሽ ዓመት አልፎሻል፣ ስልካቸው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።