በዘር ነው፣ በጫት ነው ወይስ በመንፈስ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በቀበሌ ቤት ከወላጆቼና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ከአምስት ወር ወዲህ ሌሊት አይተኛም፣ ለብቻው ያወራል፣ «ጎረቤቶች በግድግዳ በኩል ያሙኛል፣ ስልኬን ጠልፈውታል» ይላል። ትምህርቱን አቋርጧል። አባቴ «ያበላሸው ጫት ነው» እያለ ጠዋት ማታ ይቆጣዋል። እናቴ እንጦጦ ጠበል ልትወስደው ቆርጣለች። አክስቴ ደግሞ «አጎታችሁም እንዲሁ ነበር፤ በዘር ነው፣ አይድንም» ትላለች። እኔ እንደሚመስለኝ የባሰበት ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ አብሮ አደጎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተኑ ወዲህ ነው። በየቀኑ በዚህ እንጨቃጨቃለን። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ሳላየው የሕመሙን ስም ልነግርሽ አልችልም። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች ግን የአእምሮ ሐኪም ምርመራ የሚሹ ናቸው፤ አምስት ወርም ረጅም ነው። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመምን ከአካል ብቻ ሳይሆን ከሥነ ልቦናና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አያይዞ ማየት እንደሚገባ ተከራክሮ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአብዛኛው የሚማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሦስቱ እኩል እኩል የሚያዋጡ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል፤ ብቻውን ቢሆን ብዙም የማይጎዳ ነገር ከሌላው ጋር ሲገጥም ሰው ይጥላል።

ከአክስትሽ ልጀምር፤ ቤቱን ተስፋ የሚያስቆርጠው የእሳቸው ቃል ነውና። አጎትሽን ያመማቸው ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ መስማትና ከእውነታ የራቀ ጥርጣሬ የሚያመጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ነበር እንበል። በሕይወት ዘመኑ በዚህ ሕመም የሚያዘው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። አጎቱ የታመመበት ሰው ቁጥሩ ወደ 4 ከፍ ይላል፤ 96ቱ አይታመሙም ማለት ነው። በዘር ፍጹም አንድ የሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ቢበዛ ግማሽ ያህል ጊዜ ነው። ዘር ተጋላጭነትን እንጂ ሕመሙን ራሱን አያወርስም። «አይድንም» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ በዘር የተጋለጡ ሰዎችም በሕክምና ይሻላቸዋል።

አባትሽም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ግን ቅደም ተከተሉን ሳታጣሩ አትፍረዱ። ሕመሙ ገና ሳይገለጥ ጭንቀት የሚሰማቸውና እሱን ለመርሳት መቃም የሚያበዙ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢ። እንቅልፉ መቼ ቀነሰ? ውጤቱ መቼ ወረደ? ጫት መቼ ጀመረ፣ በቀን ምን ያህል፣ እስከ ስንት ሰዓት? ከምርቃና በኋላ ጨብሲ ይጠጣል? ሺሻ ወይም ሐሺሽስ? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ በቃል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዳችሁ የተለያየ ታሪክ ትነግሩታላችሁ።

አሁን እነዚህ ነገሮች አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ተመልከቺ። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ የጎረቤት ድምፅ በእርግጥም ይሰማል። እንቅልፍ ያጣና ዶፓሚኑ የተዛባ አንጎል ደግሞ ተራውን ነገር ሁሉ «ይህ እኔን ነው» ብሎ ይይዘዋል። የጎረቤት ሳቅ ሐሜት ይሆናል። ቀድሞ ቢሆን አንዱ አብሮ አደጉ «ተው ባክህ፣ ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት» ብሎ ያረጋጋው ነበር፤ ያ ልጅ አሁን ሌላ ሰፈር ነው። ማታ አባት ሲቆጡ «ይጠሉኛል» የሚለው ጥርጣሬ ማስረጃ ያገኛል። ይሸሻል፣ ይቅማል፣ ሳይተኛ ያነጋል፤ ጥርጣሬውም ከትናንቱ በርትቶ ይውላል። እዚህ ውስጥ ዘሩ የት አበቃ፣ ጫቱ የት ጀመረ ብሎ መለየት አይቻልም። ዘሩንና የፈረሰውን ሰፈር መለወጥ አትችሉም፤ እንቅልፉን፣ ጫቱንና ቁጣውን ግን ትችላላችሁ።

ስለ ቁጣው ጥቂት ልጨምር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች፣ ነቀፋና ጥላቻ ወይም መፈናፈኛ የሚያሳጣ ክትትል ወዳለበት ቤት የተመለሱ ሕሙማን ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው ታይቷል። ይህ ግን ቤተሰቡ አሳመመው ማለት አይደለም፤ አባትሽ ይህችን ቃል ከልባቸው እንዲሰሟት እፈልጋለሁ። የሚቆጡት ልጃቸውን ስለሚሳሱለት ነው። ሁላችሁም ባንድ ጊዜ አታናግሩት፤ አንድ ሰው፣ በለሆሳስ፣ በአጭሩ ይንገረው። ስለ ጎረቤቶቹ ሲያነሳብሽ «ውሸት ነው» ብለሽ አትከራከሪው፣ «እውነትህን ነው» ብለሽም አታጽኚለት። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን እንደፈራህ ይታየኛል» ካልሽው ይበቃል።

እናትሽን ከእምነታቸው ጋር አታጋጪያቸው። ጠበሉ ይሁን፤ ግን ልጁ አይታሰር፣ አይመታ፣ ምግብና ውሃ አይከልከል፣ መድኃኒት ከጀመረም ለአንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ። የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታውሺያቸው።

ለሕክምናው ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ። አማኑኤል ሆስፒታል ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ ስሙ በየሰፈሩ መሰዳደቢያ መሆኑ እግራችሁን አይያዘው። የታይሮይድ፣ የኤችአይቪ ወይም የቂጥኝ የደም ምርመራ ቢታዘዝ አትደንግጡ፤ እነዚህም እንዲህ ያለ ምልክት ሊያመጡ ስለሚችሉ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን ያለ መድኃኒት ከጀመረ መረበሹ በቀናት ሊረግብ ይችላል፤ ጥርጣሬው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። «አልሠራም» ተብሎ በአምስተኛው ቀን የሚጣለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋው ሊቆለፍ ይችላል፤ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ። «መንፈሱ ተገለጠ» ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳትጥሉ። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ወዲያው ሆስፒታል ብትወስዱት በመርፌ ቶሎ ይለቀዋል። ሲሻለውም በራሳችሁ አታስቁሙት፤ ብዙውን ጊዜ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ መጠኑን የሚቀንሰውም ሐኪሙ ነው።

የሚሰማው ድምፅ «ራስህን ግደል» ወይም «ምታቸው» ካለው፣ ወይም ምግብና ውሃ እምቢ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደብተሩን ያዢ፤ አባትሽም አብረዋችሁ ይሂዱ። አጎትሽ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙና ምን እንደረዳቸው ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፤ አባትሽ ደግሞ ያውቁ ይሆናል።