ግድግዳ ለመሙላት አትቸኩሉ

ልጆች፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የምትጠይቁኝ ሁሉ ስለ ነጭ ግድግዳና ስለ ግራጫ ሶፋ ነበር። ዛሬ ደማቅ ቀለም፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሥዕል ሆኗል ወሬው። ማክሲማሊዝም ትሉታላችሁ። ደስ ብሎኛል፤ ግን መጀመሪያ የማፍርበትን ላውራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት እናትን ሳሎን እንዳሳምር ልጆቻቸው ቀጠሩኝ። ቢፌው በብርጭቆ ጢም ብሏል፣ ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይም ዳንቴል። ግድግዳው ላይ የአራት ልጆች የምረቃ ፎቶ፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶና የማርያም ሥዕል። ሁሉንም በካርቶን አሽጌ ቤቱን ነጭ አስቀባሁት። ከሦስት ወር በኋላ ቀሪ ሂሳቤን ልቀበል ስሄድ ዕቃው ሁሉ ቦታው ተመልሷል። የማርያም ሥዕል የተሰቀለባት ምስማር እንኳ እኔ በስቱኮ የደፈንኩትን ቀዳዳ ፈልጋ ገብታለች። «ልጄ፣ ለእንግዳ የማሳየው አጣሁ እኮ» አሉኝ። ብሩን ስቀበል ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሞላ ቤት ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ሐረር ጀጎል ስገባ ነው። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ግድግዳው በስፌትና በአበባማ ሳህን የተሸፈነ ነው። ዓይን ግን አይደክምም። ለምን? ቆሜ ብዙ አየሁ። ወለሉና መቀመጫው መደብ አንድ ዓይነት ቀይ ነው፣ ግድግዳው ነጭ፤ ያ ሁሉ ቀለም የሚያርፍበት መሬት አለው ማለት ነው። መደቡ፣ ነደባ ይሉታል፣ ከፍና ዝቅ ብሎ አምስት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። መጽሐፍና ሲኒ ግድግዳው ውስጥ በተሠራላቸው መስኮት መሰል ጎድጓዳ ይገባሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው! ስፌቱንም የቤቱ ሴቶች በእጃቸው ሰፍተውታል፣ ወይም በሠርግ ተሰጥቷቸዋል፤ ከሱቅ በጅምላ የመጣ አይደለም።

እናንተን የምፈራላችሁ በዚህ ነው። ባለፈው አንድ ወጣት ባልና ሚስት 24 ፍሬም አንድ ላይ ገዝተው ጠሩኝ፤ ውስጡ ያለው ፍሬሙ ሲሸጥ አብሮ የመጣው የማንም ያልሆነ ወረቀት ነው። ስድስቱን ብቻ ሰቀልን፣ የሚስትየው አያት የፈተሉትን ጋቢ ከሳጥን አስወጣን፣ የቀሩትን ፍሬሞች አልጋ ሥር ከተትናቸው። ፎቶ ሲኖራቸው ያወጧቸዋል።

ቀለም ስትመርጡ መጀመሪያ የመሬቱን ምረጡ፤ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ ሶፋውን እርስ በርሱ በሚቀራረብ ቀለም አስሩ፣ ከዚያ በላይ እንደ ልባችሁ። ጣሪያ ላይ ያለችውን አንዷን ነጭ አምፖል ግን እባካችሁ አጥፏት፤ የሞላ ቤት በእሷ ሥር የዕቃ መጋዘን ይመስላል። ዝቅ ያሉ ሁለት ሦስት ቢጫ መብራቶች ይበቃሉ። አቧራውን የሚጠርገው ማን እንደሆነም ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ በዚህ የተጣላ ቤት አይቻለሁ።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። ከባድ መስታወት በምስማር ብቻ አትስቀሉ፣ በትራፓኖ በስታችሁ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቡበት። ከማብሪያ ማጥፊያው በላይና በታች ግን አትብሱ፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው።