በጦር ሜዳ ለወደቀ ወንድም በቤት ስለሚደረግ መታሰቢያ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ የመከላከያ ሠራዊት አባል ሆኖ በግዳጅ ላይ ሳለ ወደቀ። አስከሬኑ አልመጣልንም፤ የተቀበረው እዚያው ነው። እናታችን በወታደር ልብሱ የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳድጋ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቅላዋለች፤ ማታ ማታም በፊቱ ጧፍ ታበራለች። አጎቶቻችን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሐውልት እናቁምለት ይላሉ። አንድ ለቅሶ ደራሽ ግን ይህ ሁሉ ጣዖት ማምለክ ነው ብሎ እናታችንን አሳዘናት። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የወንድምዎን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም መጽናናትን ይስጥልን። የልጇን ፎቶግራፍ በቤቷ መስቀሏ ጣዖት ማምለክ አለመሆኑን አስቀድመው ይንገሩልኝ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ እርስዋ የሠራቻቸውን ልብሶች ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ነበር (ሐዋ. 9፥39)፤ ሐዋርያውም ስለዚህ አልገሠጻቸውም። ሐዘን ቤት ገብቶ እናትን እንዲህ ባለ ቃል መውቀስ ከክርስቲያን የማይጠበቅ ድፍረት ነው።

መስተካከል ያለበት ፎቶግራፉ የተሰቀለበት ቦታ ነው። ቅዱሳንን አማልዱን እንላቸዋለን፤ ላረፉት ዘመዶቻችን ግን የምንለምንላቸው እኛ ነን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉና በሁለቱም ፊት ጧፍ ሲበራ ይህ ልዩነት በተለይ በቤቱ ልጆች ዘንድ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ወደ ሌላው ግድግዳ ይዛወር፣ ጧፉ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ይብራ፣ እናታችንም በዚያው ቆማ የልጇን ነፍስ እንዲምርላት አምላኳን ትለምን። እናንተ ግን በእናንተ እጅ አታውርዱት፤ የንስሓ አባታችሁ መጥተው ቀስ ብለው ቢያስረዷት ራስዋ ታነሣዋለች።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነገር አለ። በሠራዊቱ መዝገብና በመርዶው ደብዳቤ ላይ የሚገኘው የዓለም ስሙ ሲሆን፣ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው። ከጠፋባችሁ ክርስትና አባቱን ወይም የተጠመቀበትን ደብር ጠይቁ። ሳይታወቅ ቀርቶ በፎቶግራፉ ሥር የማዕረጉና የክፍሉ ስም ብቻ ተጽፎ ሲቀር እጅግ ያሳዝነኛል።

አስከሬኑ ባለመምጣቱ ጸሎቱ አይቀርም፤ ካህናት በስሙ ያደርሱለታል። ቀኖቹም፣ ማለትም ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ፣ ካረፈበት ቀን ይቈጠራሉ፤ መርዶው ዘግይቶ አንዳንዶቹ አልፈው ከሆነ ቀጣዩን ያዙ፣ ስላለፉትም የንስሓ አባታችሁን አማክሩ። መቃብሩን አላየሁም ለሚለው የእናታችን እንባ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሴ በሞዓብ ምድር ዐርፎ ሲቀበር መቃብሩን ያወቀ ማንም አልነበረም (ዘዳ. 34፥6)፤ ይኸው ሙሴ ግን በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር ሲነጋገር ታየ (ማቴ. 17፥3)። እግዚአብሔር የሚያውቀውን መቃብር እኛ ባናውቀው ልጇ አልጠፋም።

ስለ ሐውልቱ፣ ያዕቆብ በኤፍራታ መንገድ ላይ ሞታ እዚያው በተቀበረችው በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት አቁሟል (ዘፍ. 35፥20)፤ ስለዚህ ሐውልት ማቆም በራሱ አይነቀፍም። ነገር ግን ዐፅሙ በሌለበት ቅጥር ግቢ፣ ለዚያውም ለሌሎች መቃብር በሚጠበብ ቦታ፣ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ድንጋይ ማቆም አይገባም። እኔስ አጎቶቻችሁ ለሐውልቱ ያሰቡትን ገንዘብ ወደ ሌላ እንዲያዞሩት እመክራለሁ፤ በየሙት ዓመቱ ለምትገለገሉበት ደብር ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ በስሙ ብታስገቡ፣ አቅም ሲኖርም የቅዳሴ መጽሐፍ ወይም መጋረጃ ብትሰጡ፣ ስሙ ከጸሎቱና ከአገልግሎቱ ጋር ይታሰባል። ለተዝካሩም ተበድራችሁ ሰንጋ አትጣሉ። ጥቂት እንጀራና ወጥ ለነዳያን ይበቃል፤ የምትችሉ ከሆነ ከወንድምዎ ጋር የወደቁትን ጓደኞቹን ቤተሰቦች፣ በተለይ ልጆች ይዘው የቀሩትን ሚስቶች፣ ጥሩ፤ የባሎቻቸውንም የክርስትና ስም ተቀብላችሁ ለካህናቱ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።