«በሱቁ ዋይፋይ ይከፈታል፤ ከውጭ እምቢ ይላል»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ስታዲየም አካባቢ የሠርግ ጥሪ ካርድና ባነር የምናትምበት ሱቅ አለን። እህቴ ደግሞ አራት ኪሎ ባለችው ትንሽ ሱቅ ትእዛዝ ትቀበላለች። የአክስቴ ልጅ ትእዛዝ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ ሠርቶ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ጫነልን። እዚህ ሆኜ በስልኬ 192.168.1.15:8080 ብዬ ስገባ ጥርት ብሎ ይከፈታል። እህቴ ጋ ግን እየዞረ እየዞረ ይቀራል። ደንበኞችም በዚሁ ገብተው ካርድ እንዲመርጡ ነበር ሐሳባችን። ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የኔትወርኩ?
እህትዎ ከስታዲየም

መልስ፦ ልጁን አትቆጪው፤ ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ አድራሻው ነው።

እስቲ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን ሕንፃዎች አስቢ። ስንቱ ውስጥ ነው ቢሮ ቁጥር 204 ያለው? አራት ኪሎ ላለ ሰው ደውለሽ «204 ና» ብትይው፣ የቆመበት ሕንፃ ውስጥ ያለውን 204 ሄዶ ያንኳኳል። በ192.168 የሚጀምር ቁጥርም እንደዚያው ነው። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተወ ስለሆነ በየቤቱና በየካፌው ተደጋግሞ ይገኛል። እህትሽ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታንኳኳ የከረመችው የራሷን ሱቅ በር ነው።

ሰው ብትጠይቂ «ፖርት ፎርዋርድ አድርጊ» ይልሻል። ራውተሩን እንደ ሕንፃው ጥበቃ ቁጠሪው፤ «8080 የሚል እንግዳ ከመጣ ወደዚህ ኮምፒውተር ላከው» ብለሽ ታዢዋለሽ ማለት ነው። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። እኔ ራሴ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ላለ የአንድ ወዳጄ ሱቅ ይህንኑ ልሠራ ገብቼ ሦስት ቀን ፈጅቻለሁ። ራውተሩን ሪሴት አደረግሁ፣ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን የኮምፒውተር መከላከያ) አጠፋሁ፣ ወዳጄም በየሰዓቱ «እህ?» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን የራውተሩ ስታተስ ገጽ ላይ «ዋን አይፒ» የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም አቅራቢው ለራውተሩ የሰጠውን አድራሻ፣ ልብ አልኩት። 100.72 ብሎ ይጀምራል። በቃ፣ ሦስት ቀኔ አፈር በላ።

ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የተመደበ ነው፤ ብዙ ደንበኞቻቸውን በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲያስተናግዱበት። የድሮው ዓይነት አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ክምችት በ2011 አልቋል። ስለዚህ ከሕንፃው በር ውጭ ሌላ የግቢ በር አለ ማለት ነው። የዚያኛው በር ጥበቃ ያንቺን ትእዛዝ አይቀበልም።

አንቺም መጀመሪያ ይህንን እዪ። የራውተርሽ ዋን አይፒና «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብለሽ ስትፈልጊ ኢንተርኔቱ የሚነግርሽ ቁጥር ከተለያዩ፣ ፖርት ፎርዋርድ ላይ ጊዜሽን አታቃጥዪ።

መላው ያለው ከውስጥ ነው። ጥበቃው ከውጭ የሚመጣውን ቢያግድም ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክልም። እንግዳ በር ላይ ሲከለከልብሽ ራስሽ ወርደሽ ይዘሽው ትገቢ የለ? ለእህትሽ ቴልስኬል የሚባለውን፣ የተራራቁ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኔትወርክ እንዳሉ አድርጎ የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑና በአንድ አካውንት ግቡ። ሁለቱም ራሳቸው ወደ ውጭ እየደወሉ ይገናኛሉ፤ ራውተር መነካካት የለም። ለሱቁ ኮምፒውተር የሚሰጠው አዲስ ቁጥርም በ100 ይጀምራል፣ ግራ እንዳይገባሽ። እህትሽ በ192.168 ፋንታ እሱን ጽፋ መጨረሻው ላይ :8080 ትጨምር። እምቢ ካለ ልጁን «ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው እንዴ?» በይው፤ እንደዚያ ከሆነ የኮምፒውተሩን የራሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የዊንዶውስ ፋየርዎልም 8080ን ይፍቀድ።

ደንበኞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሙሽራዋን ቴልስኬል ጫኚ አትያት። ክላውድፍሌር ታነል በሚባል አገልግሎት የሱቁን ኮምፒውተር ለሕዝብ ማውጣት ይቻላል፤ የራስሽ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ካለሽ ቋሚ አድራሻ ይኖርሻል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ደንበኛ የሚያየውን ገጽ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ተከራይተሽ እዚያ አስቀምጪው። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ካርዶቹ አብረው ይጠፋሉ፤ ደግሞ የሒሳብ ፋይልሽ ያለበትን ኮምፒውተር ለዓለም መክፈት አልወድም።

ስትሞክሩት አንድ ነገር አትርሺ፤ ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ከሆነ የስልክሽን ዋይፋይ አጥፍተሽ በዳታ ግቢ፤ የቴልስኬሉን ቁጥር የምትሞክሪ ከሆነ ስልክሽም ላይ ቴልስኬል ይኑር። የወዳጄ ሱቅ ውስጥ እኔ በዋይፋይ እየገባሁ «ይሠራል» ብዬው ነበር፤ ያንን እስካሁን አልረሳልኝም።