ኮከቦቼ ጤፍ መሆን ሲገባቸው ሩዝ ሆኑ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲገለጥ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሰማይ ይሆናል። ለዛሬ ሦስት መርጫለሁ። ሦስቱም ከከተማው ዳር የተላኩ ናቸው፤ እኔም የቡራዩ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ሳላዳላ አልቀረሁም።

«ጋሼ፣ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ዘመድ ከውጭ ቴሌስኮፕና ሞተር ያለው ማውንት (ቴሌስኮፑ የሚቀመጥበትን ማቆሚያ) አምጥቶልኝ ካሜራዬን ከኋላ ገጥሜ ጣራ ላይ ሆኜ አነሳለሁ። ሠላሳ ሰከንድ ካለፈ ግን ኮከቡ ሁሉ ይጎተታል፤ ጤፍ መሆን ሲገባው ሩዝ ይሆናል። ጓደኞቼ ተለቅ ያለ ቴሌስኮፕ ግዛ ይሉኛል። ልግዛ?»

አትግዛ ወንድሜ። ትልቅ ስትገዛ ሩዙ ማካሮኒ ይሆናል እንጂ ጤፍ አይሆንም። ኮከቡን አጉልቶ ሲያሳይህ ስህተትህንም አብሮ ያጎላዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ማውንቱ ውስጥ ያለው ሞተር ቴሌስኮፑን እያዞረ ይከተለዋል፤ የሚዞርበት ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ካልሆነ ግን ኮከቡ ቀስ እያለ ያመልጠዋል። ስለዚህ ዘንጉ ወደ ሰማዩ ሰሜን ዋልታ፣ ሰማዩ ሁሉ ወደሚዞርበት ነጥብ፣ መጠቆም አለበት። የለንደን ሰው ለዚህ ብሎ የሰሜን ኮከብን ሲፈልግ 51 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያገኘዋል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ብቅ የሚልልን። እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን ጨብጥ፤ ስፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የሰሜን ኮከብ እዚያች ጡጫ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ግቢ ያንን ቦታ የጎረቤቴ ሮቶ ይዞታል። ኮከቡን ካየሁት ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ሮቶውን ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

አንተ ወደ ሰሜን ሜዳ ካለህ ዕድለኛ ነህ። ቢሆንም ኮከቡ ልክ ዋልታው ላይ እንዳልሆነ እወቅ፤ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ፈቀቅ ብሎ ነው ያለው።

ሌላው ጣጣ ማውንቱ ራሱ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት አውሮፓና አሜሪካ ላለ ሰው ስለሆነ ከ10 ወይም ከ15 ዲግሪ በታች ዝቅ አይሉም። ያንተ የት ላይ እንደሚቆም ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር እይ። 15 ላይ ከቆመ አትናደድ። ከሦስቱ እግሮች አንዱን ወደ ሰሜን አዙረህ እሱን አሳጥረው፣ ወይም ከሁለቱ የደቡብ እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባ፤ የጎደለውን ስድስት ዲግሪ በዚያ ታገኛለህ። ሚዛን የሚጠብቀው የብረት ክብደት ግን እንዲህ ሲሆን ከእግሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት በእጅህ አዙረህ ሞክረው። እኔ ሳልሞክር አስነስቼ የማርሽ ጥርስ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ፣ ያ ድምፅ አሁንም አይጠፋኝም።

ሰሜንን ለማግኘት የስልክ ኮምፓስ አትመን፤ ቆርቆሮና ፌሮ ያሳስተዋል። ቀን ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትከልና ዙሪያውን ክብ ሥራ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የሚነካበትን ቦታ ምልክት አድርግ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲነካውም እንዲሁ። ከእንጨቱ ተነስቶ በሁለቱ ምልክቶች መሐል የሚያልፈው መስመር ሰሜን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አሪፍ ይሠራል። ክረምት ላይ ብትሞክረው ግን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞርና ግራ ያጋባሃል።

ከዚያ ማታ የመጨረሻውን ማስተካከያ ታደርጋለህ። ከአናትህ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ ላይ አነጣጥረህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ወደ ሰሜን ካፈነገጠ ዘንግህ ወደ ምዕራብ አድልቷል፣ ወደ ደቡብ ካፈነገጠ ወደ ምሥራቅ። ቀጥለህ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ያዝ። ወደ ሰሜን ከሄደ ዘንጉ ከፍ ብሏል፣ ወደ ደቡብ ከሄደ ዝቅ ብሏል። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጅብሃል፣ ትሳደባለህ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ሃያ ደቂቃ ይበቃሃል።

ረስቼው፦ ከጣራው ውረድ። አንተ በተራመድክ ቁጥር ጣራው ይነቀነቃል።

ደግሞ ረጅም ኤክስፖዠር፣ ማለትም ካሜራውን ለብዙ ጊዜ ከፍቶ ማቆየት፣ የግድ አይደለም። ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያልክ 120 ፎቶ ብታነሳ የአንድ ሰዓት ብርሃን ሰበሰብክ ማለት ነው። ሲሪል ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይደራርቡልሃል። 100 ፎቶ ስትደራርብ የምስሉ ብናኝ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ለመጀመሪያ አንድሮሜዳ ጋላክሲን ያዝ። በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም በሰሜን ሰማይ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ የአዲስ አበባ መብራት ደግሞ ላንተ በደቡብ ነው። ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይሏታል፤ የእነሱ «ኢትዮጵያ» የት እንደሆነች ሌላ ክርክር ነው፣ እኔ ግን ልጅቷን አልሰጥም።

«ከለገጣፎ ነኝ። ስልክ እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ፍኖተ ሐሊብን በስልክ ማንሳት ይቻላል?»

ይቻላል እህቴ። ስልክሽን ማቆሚያ ላይ አስሪ፣ ካሜራውን በእጅ ወደሚስተካከለው ክፍል ቀይሪ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 1600 አድርጊና ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ክፈቺው። ስትነኪው እንዳይነቃነቅ የሦስት ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ። ችግሩ ወቅቱ ነው። ደማቁ መሐል ምሽት ላይ ከፍ የሚለው ልክ ክረምት ላይ ነው፣ እኛ ደመና ሥር ስንቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጪና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሺ፤ በደቡብ ምሥራቅ ታገኚዋለሽ፣ ከተማው ደግሞ ከጀርባሽ ይሆናል። ጅብ ስላለ ከግቢ አትውጪ። ኢንተርኔት ላይ የምታዪውን ወይን ጠጅ ቀለም አትጠብቂ፣ ያ አብዛኛው የኮምፒውተር ሥራ ነው።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሰበታ። ግቢዬ ውስጥ ጣራው የሚከፈት ትንሽ የኮከብ ማያ ቤት ልሠራ አስቤ ባለቤቴ በዚያ ብር የዶሮ ቤት ይሠራ ብላለች። ምን ይመክሩኛል?»

በትዳር ጉዳይ አልገባም ጋሼ። ግንባታውን ግን ልንገርዎት፤ የኔን ቤት ጎረቤቶቼ ርግብ ቤት ነው የሚሉት፣ ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም።

የሚዞር ጉልላት አያስፈልግዎትም። የቆርቆሮ ጣራውን ተንሸራታች የግቢ በር በሚሄድበት ጎማና ሐዲድ ላይ ያስቀምጡት፣ ጣራው ተገፍቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ሰሜኑንም ደቡቡንም እንዳይጋርድብዎት ወደ ሁለቱም አይግፉት፤ ወደ ምሥራቅ ይግፉት፣ በዚያ በኩል የከተማው ብርሃን ስላለ ብዙ አያጡም። ነፋስ እንዳይወስደው በአራቱም ማዕዘን መንጠቆ ያድርጉለት። ጣራውን ነጭ ቀለም ይቀቡት፤ ቀን የጋለ ቤት ማታ ሙቀቱን ሲተፋ ኮከቡ ይርገበገባል።

ዋናው ቴሌስኮፑ የሚቆምበት ምሰሶ ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ፌሮ አስገብተው ኮንክሪት ይሙሉበት፣ መሠረቱም ከወለሉ ጋር በፍጹም አይገናኝ። ካልሆነ እርስዎ ሻይ ሊያቀርቡ ሲነሱ ቴሌስኮፑ ይሰማዋል። አናጢው ባሕር ዛፍ ይበቃል ቢልዎት እሺ አይበሉ፣ ሲደርቅ ይጣመማል።

መብራት ስለሚጠፋ ማውንቱን በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ያስነሱት። መብራት የጠፋ ዕለት እኮ ለኛ ሠርግ ነው፤ ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ሮጬ ጣራ እከፍታለሁ።

ሰበታ ላይ ደቡቡ የእርስዎ ነው። የለንደን ሰው በሕይወቱ ከሰፈሩ የማያየውን ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች ክምችት በየካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም በደቡብ 33 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያገኙታል። ባለቤትዎን ቀስቅሰው ያሳዩዋት፣ ምናልባት ስለ ዶሮው ትተወው ይሆናል። ሁለቱን አንድ ቤት እናድርግ ብትል ግን እምቢ ይበሉ፣ የዶሮ አቧራና መስተዋት አይስማሙም።

ሰኔ ሲገባ ቴሌስኮፑን አውጥተው ዋናው ቤት ያስገቡት። እርጥበት መስተዋቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ የበቀለ ሻጋታ ደግሞ መስተዋቱን ይበላዋል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አጠራቅመው ሻንጣው ውስጥ ይክተቱ። ከመስቀል በኋላ ይመልሱታል።