በሬዎቼ ጭዱን ይጨርሳሉ፣ ግን አይሰቡም

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ገበያ ሁለት በሬ አስሬ እየቀለብኩ ነው። የጤፍ ጭድ እንደልባቸው ይበላሉ። ወር አለፋቸው፤ ጎናቸው ግን አልሞላም። ጎረቤቴ «በቆሎ ካልሰጠህ አይሰቡም» ይለኛል። በቆሎው ደግሞ የልጆቼ ቀለብ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በቆሎውን ከጎተራ አያውጡት።

በሬ የበላው ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ጭዱ ውስጥ ያለው ጉልበት ጤፉ ከፀሐይ የሰበሰበው ነው። በሬው ሲበላው ግማሽ ያህሉ ሳይፈጭ በእበት ይወጣል። (እሱም አይጠፋም፤ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል።) ከ100 እጅ 6 ወይም 7 እጁ ደግሞ በግሳት ጋዝ ሆኖ ይበናል። ከቀረው ላይ ለመተንፈስ፣ ገላን ለማሞቅ፣ ለመራመድ ይወጣል። ስብ የሚሆነው ትርፉ ብቻ ነው። የእርስዎ በሬዎች ትርፍ የላቸውም።

በተፈጥሮ ውስጥ ከተበዪው ወደ በዪው የሚያልፈው ጉልበት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። በቆሎውን ልጆችዎ ራሳቸው ቢበሉት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የበሬ ጥቅሙ እኛ የማንበላውን ጭድ መብላቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ገላቸውን ይዩ። ጆሮ ውስጥ፣ ጭራ ሥር፣ ብሽሽት ላይ መዥገር አለ? መዥገርና የሆድ ትል ከበሬዎ የሚቀለቡ ሌሎች በዪዎች ናቸው። ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዷቸው። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላ መጠየቅ አይርሱ፤ ገበያው ቀጠሮ አለው። ውሃም ወንዝ ድረስ እየነዱ የሚያጠጡ ከሆነ ይተዉት፣ በረት ድረስ ያምጡላቸው።

አሁን ወደ ጭዱ። ጭዱን የሚያብላሉት በበሬው ጨጓራ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው። እነሱም ይራባሉ። በደንብ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ የጤፍ ጭድ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 አያልፍም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው ይስጧቸው። በጥቂቱ ይጀምሩና ለአንድ በሬ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያድርሱት። በአንዴ ከቆለሉላቸው ሆዳቸው ይነፋል።

ጎን ለጎን ጭዱን በዩሪያ ያክሙት። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ። ዩሪያው በደንብ ይሟሟ። ጭዱን በስሱ እየዘረጉ ይርጩበት፣ እየረገጡ ይጠቅጥቁት፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው 21 ቀን ያቆዩት። ሲከፍቱት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሌሊት ያናፍሱት። መጀመሪያ ሊያኮርፉት ይችላሉ፤ ከተራ ጭድ ጋር ሲቀላቅሉላቸው ይለምዱታል።

ለጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ ግን ይህን ጭድ አይስጡ። ዩሪያውን እንዳለ የላሰ በሬም ሊሞት ይችላልና ከረጢቱን ከበረት ያርቁት።